ቁጭ ብሎ ለሚያስብ ሰው የማይበራው ሕንፃ

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲው የሕንፃ እድሳትና የኢነርጂ ቁጠባ ጽሕፈት ቤት ዳይሬክተር፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ጽሕፈት ቤትዎም፣ በየጣሪያችን ላይ ያስለጠፏቸው ትንንሽ ነጫጭ መሣሪያዎችም በመልካም ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በአሮጌው ሕንፃ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና በታደሰው ዘመናዊ ሕንፃ፣ ምድር ቤት ላይ የምገኝ የሒሳብ መምህርት ስሆን፣ እዚያው ተምሬ፣ እዚያው አስተምሬ፣ ፀጉሬንም እዚያው ያሸበትኩ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ ለመጻፍ የተገደድኩት ቀደም ሲል በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ሁሉ መልስ ስላላገኙ ነው ብል እዋሻለሁ፤ አንዱ መልስ አግኝቷል፣ ወደ እሱም እመለሳለሁ።

ከወቀሳ በፊት ምስጋና ማስቀደም ካሳደጉኝ ሰዎች የተማርኩት ነውና ከዚያ ልጀምር። ጣሪያው ማፍሰስ አቁሟል። ድሮ ዝናብ በመጣ ቁጥር ከሰሌዳው ሥር ባልዲ እናስቀምጥ ነበር፤ ተማሪዎቻችንም እኛ የምንለውን ትተው ጠብታውን ያዳምጡ ነበር። በደረጃው ሥር ብልጭ ብልጭ ሲል የኖረው ሽቦ ተነቅሏል። መጸዳጃ ቤቱ ውሃ አለው፣ በሩም ይዘጋል። ይህን ሁሉ የምለው ከልቤ ነው፣ አሽሙር የለበትም፤ አሽሙሩ ሲጀምር ራስዎ ያውቁታል።

አሁን፣ ክቡርነትዎ ከፈቀዱልኝ፣ ቅሬታዎቼን በቁጥር ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ስለ ፀሐይ። የንባብ ክፍላችን መስኮቶች ሰፋፊ ነበሩ፣ አሁንም ናቸው፤ ባለ ድርብ መስታወት ሆነው በአሉሚኒየም ተከብበዋል፣ ያምራሉም። ነገር ግን ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር ክፍሉ እንዳይሞቅና ማቀዝቀዣው እንዳይደክም ታስቦ፣ ወፍራም መጋረጃ ከላይ ጉርርር እያለ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። መጋረጃው ሲወርድ ክፍሉ ይጨልማል። ክፍሉ ሲጨልም መብራት ይበራል። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ በመብራት እናነባለን፤ ደመና ሲሆን ደግሞ መጋረጃው ይነሣልንና ደመናውን እያየን እናነባለን። እኔ በሙያዬ ነገርን ደረጃ በደረጃ መከተል ስለሚቀናኝ ይህንን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ከተማሪዎቼ ጋር ብዙ መረመርነው፤ ኢነርጂው የሚቆጠበው የትኛው ደረጃ ላይ እንደሆነ ግን እስካሁን አልደረስንበትም። መጋረጃውን በእጁ ለመግታት የሞከረ አንድ ባልደረባችን ገመድ ፈልጎ ቢያጣ ጨርቁን ይዞ ተንጠለጠለ፤ በዚያው ቅጽበት ደመና መጥቶ መጋረጃው ትንሽ ከፍ አድርጎት ሲያበቃ ሐሳቡን ለወጠና ለቀቀው። ስለ ጥንካሬው ሥራ ተቋራጩ ሊመሰገን ይገባዋል።

ሁለተኛ፣ ስለ መብራት። ከእድሳቱ በኋላ በሕንፃችን ግድግዳ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ የሚባል ነገር የለም። የነበሩበት ቀዳዳ ሁሉ ተደፍኖ፣ ተለስኖ፣ ቀለም ተቀብቷል። በምትኩ ጣሪያው ላይ የተለጠፈችው ነጭ መሣሪያ ሰው ሲንቀሳቀስ አይታ ታበራለች፤ የሚንቀሳቀስ ካጣች ደግሞ ክፍሉ ባዶ ነው ብላ ታጠፋለች። ለመተላለፊያውና ለደረጃው እሰየው የሚያሰኝ ነው። ችግሩ እኛ ጋ ሲደርስ ነው። ክቡርነትዎ ብዙ ጉዳይ የሚጠብቅዎ ሰው ስለሆኑ የሌላውን ሙያ ለመመልከት ጊዜ እንደማያገኙ አውቃለሁ፤ ስለዚህ እኛ ምን እንደምንሠራ ላስረዳዎት። የሒሳብ ሰው ሥራ ላይ ሲሆን ይቀመጣል። አንድ ወረቀት ወይም አንድ ግድግዳ ላይ ዓይኑን ይተክላል። ከዚያ ምንም አያደርግም። ደመወዝ የሚከፈለን ለዚህ ነው።

ሳምንታዊ ጉባኤያችን ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። አንድ ሰው ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ይጽፍና ሁላችንም ጸጥ እንላለን። ይህን ልማድ የተከሉልን ሁላችንንም ያስተማሩን፣ አሁን ጡረታ የወጡት አንጋፋ መምህራችን ናቸው። ተማሪ ጥያቄው ገና ተጽፎ ሳያልቅ መልስ ሲወረውር «ቆይ» ይሉት ስለነበር ተማሪው ሁሉ «ጋሽ ቆይ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን ያውቁታል፣ ይወዱታልም። በእሳቸው ጉባኤ ቶሎ መናገር ነውር ነበር። ዝምታው በረዘመ ቁጥር ጥያቄው ተከብሯል ማለት ነው። እናም አሁን ልክ ዝምታው ሲጥም፣ ነገሩ ሊገባን ጥቂት ሲቀረው፣ ድርግም። ከዚያ ሁላችንም እጃችንን ወደ ላይ አንሥተን እናወዛውዛለን፤ መብራቱ ይመጣል፣ ሐሳቡ ይሄዳል።

መላ አልፈለጋችሁም እንዳይሉን። ተረኛ እጅ አወዛዋዥ መድበን ነበር፤ ተረኛው ግን እሱም የሒሳብ ሰው ነውና ማሰብ ይጀምርና ይረሳዋል። እግሩን ያለ ዕረፍት የሚያርገበግብ፣ በዚህም ጠባዩ ለዓመታት ስንቆጣው የኖርን፣ «ስፌት መኪና» ብለን ስም ያወጣንለት አንድ ወጣት ባልደረባ አለን፤ ዛሬ በትምህርት ክፍላችን እንደ እሱ የሚፈለግ ሰው የለም። ስብሰባ ሲጠራ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ መኖሩ ነው፤ የዓመት ፈቃድ ሲጠይቅ የኃላፊያችን ፊት ይጠቁራል። ባለፈው የፈተና ወቅት ደግሞ ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሲሠሩ የአዳራሹ መብራት ጠፋና አዳራሹ በሙሉ እጁን አነሣ። ከመካከላቸው አንዲት ልጅ የምር ጥያቄ ኖሯት ኖሮ እጇን አንሥታ ስትጠብቀኝ፣ ማን መሆኗን ለይቼ ሳላውቅ ፈተናው አለቀ። በአዳራሹ የመስታወት በር በኩል ያለፉ እንግዶችዎ ስፖርት የምንሠራ መስሏቸው አድንቀውን ሄዱ ሲሉ ሰምቻለሁ።

ሦስተኛ፣ መስኮቱ አይከፈትም። ንጹሕ አየር ከመስኮት ሳይሆን ከጣሪያው ቱቦ ነው የሚመጣው፤ ቱቦውም የሚታዘዘው ለዚያችው ነጭ መሣሪያ ነው። እሷ ሰው የለም ስትል አየሩም ይቆማል። በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ ለመጻፍ አስቤ ነበር፣ ሳልጨርሰው ደከመኝ።

አራተኛ፣ ስለ ሪፖርቱ። ጽሕፈት ቤትዎ በቅርቡ በየማስታወቂያ ሰሌዳው የለጠፈውን የክፍሎች አጠቃቀም ሪፖርት በአድናቆት አነበብነው። ለካስ ነጫጮቹ መሣሪያዎች መብራት ከማብራትና ከማጥፋት አልፈው የትኛው ክፍል ውስጥ ሰው እንዳለና እንደሌለ ሲመዘግቡ ኖረዋል። በመዝገባቸው መሠረት የንባብ ክፍላችን አብዛኛውን ጊዜ ሰው አይገኝበትም። እኔ ከቤቴ ይልቅ እዚያ ክፍል እውላለሁ ብሎ የሚያማርር ባል አለኝ፤ ሪፖርቱን ለእሱ እንዳያሳዩብኝ በትሕትና እለምናለሁ። ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት የት ስትውዪ ነበር ማለቱ አይቀርም።

በአንጻሩ በሕንፃው ውስጥ ሰው ከሁሉ በላይ የሚሠራበት ክፍል የምድር ቤቱ መጋዘን ሆኖ ተገኝቷል። ነገሩ ገርሞን ሄደን አየነው። የተሰባበሩ ወንበሮች አሉ፣ የተረፈ ቀለም አለ፤ ከአየር ማስገቢያው ፊት ለፊት ደግሞ ለምርቃቱ የተሠራው፣ የክቡርነትዎ ፎቶግራፍ ያለበት ትልቅ ባነር ተሰቅሏል። አየሩ በነፈሰ ቁጥር ባነሩ ይወዛወዛል፤ እርስዎም እዚያ ላይ ሆነው ፈገግ እንዳሉ ቀኑን ሙሉ ወዲያና ወዲህ ይላሉ። ባነሩ ስለሚወዛወዝ መብራቱ አይጠፋም፤ አየሩም አይቆምም፤ አየሩ ስለማይቆም ባነሩ ይወዛወዛል። ሪፖርቱ መጋዘኑን «ከፍተኛ የሥራ እንቅስቃሴ የሚታይበት» ብሎ መዝግቦ እንዲሰፋ ሐሳብ አቅርቧል። እኛም ብንሆን በዚያ ክፍል ውስጥ ያለው ትጋት አስቀንቶናል።

እንግዲህ በዚሁ ሪፖርት መነሻነት የንባብ ክፍላችን ተወስዶ የኢነርጂ ቁጠባ ማሳያ ማዕከል እንዲሆን፣ ቁልፉንም በመጪው ሳምንት እንድናስረክብ ተወስኗል። ለዚህ ክብር የተመረጠው ኢነርጂ በመቆጠብ ከሕንፃው አንደኛ በመውጣቱ መሆኑ ተነግሮናል። ይህን አልክድም፤ ሰው ጨለማ ውስጥ ሲቀመጥ የሚቆጠበው መብራት ቀላል አይደለም። መጻሕፍቱ በካርቶን ታሽገው ወዳልኩት መጋዘን ይገባሉ፤ ለእኛም በሁለተኛው ፎቅ መተላለፊያ ላይ አንድ የጋራ ጠረጴዛ ይዘረጋልናል። መተላለፊያው ላይ ሰው ቀኑን ሙሉ ስለሚመላለስ መብራት እንደማይጠፋብን ጸሐፊዎ በደግነት አስረድታናለች። ሰው ቀኑን ሙሉ በሚመላለስበት ቦታ ማሰብ ይቻል እንደሆነ ስጠይቃት ጥያቄው የጽሕፈት ቤቱ ሥልጣን እንዳልሆነ ነገረችኝ፣ እውነቷንም ነው።

የሚከተለውን ቁጥር አልሰጠሁትም። ከመጋረጃና ከመስኮት ጋር ወረፋ እንዲይዝ አልፈለግሁም።

ጋሽ ቆይ ጡረታ በወጡ ማግሥት ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ተይዟል። ሐኪማቸው አእምሯቸውን ሥራ እንዳያስፈቱት ስለመከሯቸው፣ ልጃቸው ጠዋት ወደ ሥራዋ ስትሄድ የንባብ ክፍላችን ውስጥ፣ ድሮም ከሚወዱት ወንበር ላይ አስቀምጣቸው ትሄድና ለምሳ ተመልሳ ትወስዳቸው ነበር። ፊታቸው አንድ ወረቀት ዘርግተው ያስባሉ። ሲያስፈልግ በግራ እጃቸው፣ ፊደል እንደሚለማመድ ሕፃን፣ ቀስ ብለው ይጽፋሉ። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ይዘውት የኖሩት አንድ ጥያቄ አለ፤ ሳልሞት እጨርሰዋለሁ ይሉ ነበር፣ እኛም እንደሚጨርሱት እናምን ነበር። በእድሳቱ ጊዜ ቤታቸው ሰነበቱና ሕንፃው ሲመረቅ ከሁላችንም በላይ ደስ ያላቸው እሳቸው ነበሩ።

ከምርቃቱ በኋላ ጥቂት ጊዜ መጥተው ቀሩ። ጠዋት ጠዋት ሁላችንም ስናስተምር ስለምንውል ክፍሉ ውስጥ ብቻቸውን ነበር የሚቀመጡት፤ ጉባኤያችን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ያን ጊዜም ስለሚደክማቸው፣ እጃችንን እያወዛወዝን ስንሰበሰብ አይተውን አያውቁም። መቅረታቸውን የጤና ነው አልን፣ የዕድሜ ነው አልን። ከመቅረታቸው በፊት መጻሕፍታቸውን አንድ አንድ እያሉ ሲያድሉን ነበር። ለእኔ የሰጡኝ በተማሪነቴ ሊያውሱኝ እንኳ የሳሱበትን ነው፤ ፍቅራቸው ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ።

ባለፈው ወር ባለቤታቸው ደወሉልኝ፤ እያለቀሱ ነበር። ጋሽ ቆይ ዓይናቸው እየጠፋ ነው አሉኝ። ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው ሳሉ፣ ውጭ ፀሐይ መሆኑን እያወቁ፣ ድንገት ዓለም ይጨልምባቸዋል። እንዳይወድቁ ስለሚፈሩ ጭራሽ አይነቃነቁም፣ ድርቅ ብለው ይቀመጣሉ። ከዚያ አንዳችን አንድ ነገር ልንወስድ በሩን ስንከፍት ብርሃናቸው ይመለሳል። እኛ በገባን ቁጥር መብራቱ ስለሚበራ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው ያየናቸው ቀን የለም፤ እሳቸውም እንዳናዝንላቸው ብለው አልነገሩንም። ቤታቸው ሲሆኑ፣ ከባለቤታቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ሲጫወቱ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይደርስባቸውም። የዓይን ሐኪም ዘንድ ቢሄዱ ዓይናቸው ደህና ነው ተባሉ፤ ይህም ይባስ አስፈራቸው። እናም እንደ ልማዳቸው ያዩትን ሁሉ አሰባስበው መረመሩት። ዓይናቸው የሚጠፋው ሲያስቡ ነው። የሚመለሰው ሰው ገብቶ ሐሳባቸውን ሲያቋርጣቸው ነው። ስለዚህ፣ አሉ ጋሽ ቆይ፣ ዓይኔን የሚወስደው ማሰቤ ነው፤ የታመመው ጭንቅላቴ ሁለቱን አብሮ መሸከም አቅቶታል። በነበራቸው ማስረጃ እኔም ብሆን ከዚህ ሌላ ድምዳሜ ላይ አልደርስም ነበር።

ስለዚህ ማሰብ ተዉ። ወረቀታቸውን አጣጥፈው ለባለቤታቸው ሰጡና መሳቢያ ውስጥ እንዲቆልፉበት ነገሯቸው፤ መጻሕፍቱን ለእኛ አደሉን። ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ይውላሉ፣ ድምፁም ከፍ እንዲል ይፈልጋሉ።

ቤታቸው ሄጄ ጣሪያው ላይ ስለተለጠፈችው መሣሪያ አስረዳኋቸው። ቴሌቪዥኑን አስጠፉ። ከዚያ፣ እኔ ስቀመጥ ሰው የለም ነው የምትለው፣ ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥተን ዘረጋንላቸው፤ ብዙ ከተመለከቱት በኋላ መንገዱ ከእጃቸው እንደወጣ፣ የት ላይ እንዳቆሙም እንደማያስታውሱ ነገሩኝ። እንደገና ከመጀመሪያው ለመነሣት ፈቃደኛ ናቸው፤ ጊዜው ይብቃቸው አይብቃቸው ግን እሳቸውም አያውቁም፣ እኔም አላውቅም። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ትሕትናዬ ያልቃል። ተናድጃለሁ። እኒያ ሰው ዓይናቸውን ጠረጠሩ፣ ጭንቅላታቸውን ጠረጠሩ፤ የእርስዎን ሕንፃ ግን አልጠረጠሩም።

በማግሥቱ ለጽሕፈት ቤትዎ ጻፍኩ። የጠየቅሁት አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ ከወንበራቸው አጠገብ፣ ግራ እጃቸው በሚደርስበት ቦታ። መልስ አግኝቷል ያልኩት ደብዳቤ ይህ ነው። በእጅ የሚበራ መብራት የሕንፃውን የብቃት ደረጃ ዝቅ ሊያደርገው ስለሚችል ጥያቄዬ ተቀባይነት አላገኘም። ተጠቃሚዎች በየጊዜው ከመቀመጫቸው ተነሥተው እንዲንቀሳቀሱ ይመከራሉ፣ ይህም ለጤናቸው ይበጃል። በተጨማሪም የተጠቀሱት ግለሰብ ጡረተኛ በመሆናቸው በሕንፃው ተጠቃሚነት አልተመዘገቡም። ስለ ጤና ምክሩ በእሳቸው ስም ከልብ አመሰግናለሁ። ተነሥቶ መንቀሳቀስ እንደሚበጃቸው ሐኪማቸውም ሲነግሯቸው ኖረዋል፤ የቀረው እግራቸውን ማሳመን ብቻ ነው።

እንግዲህ በመጪው ሳምንት ቁልፉን ለመረከብ የሚላኩት ሠራተኞችዎ እንዳይደናገጡ አስቀድሜ ማስታወቅ ግዴታዬ ነው። የትምህርት ክፍሉ መምህራን በሙሉ በንባብ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠን እንገኛለን። ጋሽ ቆይም እመጣለሁ ብለዋል፤ ልጃቸው ከሥራዋ አስፈቅዳ ታመጣቸዋለች። ጥያቄያቸውን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ እሳቸው ይነግሩኛል፣ እኔ ሰሌዳው ላይ እጽፍላቸዋለሁ፣ ከዚያ ሁላችንም ዝም እንላለን። ስፌት መኪናም ለዚያ ቀን እግሩን ሊያሳርፍ ቃል ስለገባልን መብራቱ ይጠፋል፤ እጁን የሚያነሣ ግን አይኖርም። ማብሪያ ማጥፊያው ካልተገጠመና ክፍሉ የእኛው እንደሚሆን በጽሑፍ ካልተነገረን በቀር ከዚያ አንነሣም። ይህ ለሠራተኞችዎ ምንም ችግር አይፈጥርባቸውም። በራስዎ መዝገብ መሠረት ክፍሉ ውስጥ ማንም ስለማይኖር የሚያስወጡት ሰው አያገኙም።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለሕንፃዎ ከዚህም የላቀ ደረጃ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞች በሙሉ የተቃና የሥራ ሳምንት እየተመኘሁ፣ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ በመጠየቅ፣

በታላቅ አክብሮትና በአነስተኛ እንቅስቃሴ፣
ሰው ከማይገኝበት ክፍል፣
የሒሳብ መምህርቷ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፊርማዬን ካኖርኩ በኋላ ሪፖርቱን እስከ መጨረሻው ገጽ አነበብኩት። ላይኛው ፎቅ ላይ የሚገኘው የክቡርነትዎ ቢሮ ከተመረቀበት ዕለት ጀምሮ ሰው ገብቶበት እንደማያውቅ ተመዝግቧል። ጉዳዩ በትምህርት ክፍላችን ክርክር አስነሥቷል። አብዛኞቹ ባልደረቦቼ መሣሪያዋ እዚህ ላይ ልክ ሳትሆን አትቀርም አሉ። እኔ ግን በሙያዬ ሌላውንም ዕድል መመርመር ስላለብኝ፣ ምናልባት ክቡርነትዎ ቀኑን ሙሉ እዚያ ተቀምጠው እያሰቡ ይሆናል ብዬ ተከራከርኩልዎ። አንድም ሰው አላመነኝም።